በነጻው መጽሐፍ ውስጥ እነማን ይግቡ?

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ለጀማሪዎች በነጻ የሚሰጥ አጭር የጨዋታ ደንብ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባለው ነው። አንዱ ታሪኩን እየተረከ ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሙያ አለው። የትኞቹ ሙያዎች ይግቡ በሚለው ላይ ግን ሰሞኑን መስማማት አልቻልንም። የማስበውን እዚህ ላስፍረው።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የጨዋታው መሠረታዊ ደንብ፣ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ሊተረጉመውና ሊያሰራጨው በሚችልበት ፈቃድ ወጥቷል። በውስጡ 12 ሙያዎች አሉ። አሥራ ሁለቱንም እንተርጉም ብንል የሚከለክለን የለም፤ ነገር ግን ጨዋታውን ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ አሥራ ሁለት ምርጫ መደርደር ገና ሳይጀምር ማድከም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ልጅ ከእኛ መጽሐፍ በኋላ ሌላ መጽሐፍ የመግዛት ዕድሉ ጠባብ ነው። ዋናው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከ300 ገጽ በላይ ያለው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ነው። አሜሪካ ላለ ልጅ ነጻው ደንብ መቅመሻ ሊሆን ይችላል፤ ካልጠገበ ሱቅ ሄዶ ቀሪውን ይገዛል። እዚህ ላለው ልጅ ግን እኛ የተውነው ሙያ ጭራሹኑ የለም ማለት ነው። ክርክሩ ይህን ያህል የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ጓደኞቼ የቆየውን መንገድ እንከተል ይላሉ። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታውን ሲያወጡ ሙያዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። በዓመቱ ሌባ ተጨመረ። ከአርባ ዓመት በኋላ በ2014 በነጻ የተለቀቀው መሠረታዊ ደንብም እነዚህኑ አራቱን ይዞ ነው የወጣው፤ ሌባው ሰርሳሪ በሚለው ሰፋ ባለ ሙያ ውስጥ ገብቶ። አራቱ ይህን ያህል የቆዩት በልማድ ብቻ አይደለም። አንዱ የሚሠራውን ሌላው አይሠራም።

ተዋጊውን ብዙ ሰው አሰልቺ ነው ይለዋል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ገጸ ባሕርይ እየተጫወተ በሄደ ቁጥር በደረጃ ያድጋል፤ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተዋጊ በጦርነት መካከል ትንፋሹን ሰብስቦ ከጠፋው የሕይወት ነጥብ የተወሰነውን የሚመልስበት ዕድል አለው፤ ባለ አሥር ገጽ ዳይስ ጥሎ በወጣው ላይ አንድ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ዕረፍት እስኪያገኝ ድረስ ዕድሉ አይደገምም። «አሁን ልጠቀምበት ወይስ ላቆየው?» ይህች አንዲት ጥያቄ የጨዋታውን ጠባይ ከየትኛውም ማብራሪያ በተሻለ ታስተምራለች። ሰርሳሪውም እንዲሁ ነው፤ ከባዱን ምት የሚያሳርፈው ብዙውን ጊዜ ጓደኛው ጠላቱ አጠገብ ሲቆምለት ስለሆነ፣ ብቻውን የሚሮጥ ተጫዋች ቶሎ ይማራል። አስማተኛውን ማስቀረትማ የማይታሰብ ነው።

ካህኑ ግን ያሳስበኛል። የሚያድን፣ የወደቀውን የሚያነሣ ሰው በቡድኑ ውስጥ መኖር አለበት፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ችግሩ ደንቡ ካህኑን የሚያገለግለውን አምላክ ከፈጠራ አማልክት መካከል እንዲመርጥ መጠየቁ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያስቀደሰ፣ ወይም ዓርብ ከመስጊድ የተመለሰ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ «አምላክህን ምረጥ» ሲባል ምን ይሰማዋል? እናቱስ ከጓዳ ሆና ስትሰማ? ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ ቀላል ነው፤ ለእነሱ ቀላል እንዲሆን መጠበቅ ግን ተገቢ አይመስለኝም። የማዳን ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ጠብቀን፣ የአምላክ ምርጫውን አውጥተን፣ ሙያውን ፈዋሽ እናድርገው ባይ ነኝ። ፈቃዱ መለወጥን ይፈቅዳል።

ዋናው ጥያቄዬ ግን አምስተኛ ሙያ እንጨምር የሚል ነው፤ አዝማሪውን። አራቱ ሙያዎች በር ይሰብራሉ፣ ቁልፍ ይከፍታሉ፣ እሳት ይወረውራሉ፣ ቁስል ይጠግናሉ። በአንደበቱ መንገድ ለሚከፍት ሰው ግን ቦታ አልተሰጠውም። የእኛ ልጆች ደግሞ አዝማሪ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቃሉ። መሲንቆ ይዞ ከጦር ሠራዊት ጋር የዘመተ፣ ጀግናውን ያወደሰ፣ ፈሪውን በግጥም የሸነቆጠ ሰው ነው። የደንቡም አዝማሪ ሥራው ይኸው ነው። ቃል ተናግሮ ለጓደኛው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይሰጠዋል፤ ጓደኛው በጨነቀው ሰዓት ያንን ጥሎ በውጤቱ ላይ ይደምረዋል። ጠላቱን ደግሞ በስድብ ብቻ ሊጎዳው ይችላል፤ ስድቡን መቋቋም ያቃተው ጠላት የሚቀጥለው ምቱ ይከብደዋል።

የእህቴን ልጅ ይህን ሙያ ሰጥቼ አይቻለሁ። ልጅቷ በሰው ፊት ብዙ የምትናገር አይደለችም። ጋሻ ያነገበ ጎብሊን፣ ማለትም ትንሽ ክፉ የተረት ፍጡር፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ አላሳልፍም ሲል ተዋጊው ወንድሟ ዳይሱን አነሣ። እሷ እጁን ያዘችውና «ጋሼ፣ እኔ ልንገረው» አለችኝ። ትንሽ አሰብ አድርጋ እንዲህ አለች፤

«ጋሻህ ከፊት መጥቶ ጎራዴህ ተከትሎ፣
ልብህ ግን ቤት ቀረ ዛሬ አሞኛል ብሎ።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ወንድሟ ዳይሱን መልሶ አስቀመጠና «ድገሚለት!» አላት። ደንቡ ግጥም አይጠይቅም፤ ሰደብኩት ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። እሷ ግን የምታውቀውን ነገር አገኘችና ያለ ማንም ግፊት ተናገረች። የተዋጊ ሚና ብሰጣት ይህ የሚሆን አይመስለኝም።

ጓደኞቼ አዝማሪ ለጀማሪ ይከብዳል ይላሉ። ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ አዝማሪው መጨረሻ ላይ በአባሪ የተቀመጠ ሲሆን፣ እሱን ለመሆን መጀመሪያ ተዋጊ፣ ቀጥሎ ሌባ ሆኖ ማለፍ ግድ ነበር። በአሁኑ ደንብ ግን ያ ሁሉ ቀርቷል። አዝማሪ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያውቃቸው ዋና ድግምቶች አራት ናቸው፤ አስማተኛው በመጽሐፉ ስድስት ጽፎ ይጀምራል፣ ከእነሱም ለዕለቱ የሚይዛቸውን እየመረጠ። አስማተኛው አይከብድም ከተባለ አዝማሪው የሚከብድበትን ምክንያት ማየት አልቻልኩም።

ከቀሩት ሰባቱ አብዛኞቹን ብተው አይቆጨኝም። ከክፉ መንፈስ ጋር ውል ገብቶ ኃይል የሚያገኘውን ሙያ ለቤተሰብ ጠረጴዛ አላቀርበውም። የሚቆጨኝ በመሐላው የታሰረው ፈረሰኛ፣ ፓላዲኑ ነው፤ ነገር ግን መሐላው በደንቡ የሚጸናው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ እኛም የምናዘጋጀው እስከ ሦስተኛው ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ ጣዕሙን ሳያገኘው መጽሐፉ ያልቅበታል።

የአዝማሪውን አራት ድግምቶች ራሴ መርጬ፣ ሙያውን በሁለት ገጽ አሳጥሬ ትናንት ማታ ለሁለቱም ልኬላቸዋለሁ። ቅዳሜ ስንገናኝ ጓደኞቼ እንዲያነቡት ብቻ ሳይሆን እንዲጫወቱት እጠይቃለሁ፤ ተዋጊውን እኔ እይዛለሁ።