የተፀነስኩበት ወር

ባለፈው ሳምንት ስኳሬን ተለካሁ። ድንበር ላይ ነው ተባልኩ። ገና 38 ዓመቴ ነው! ማታ ከዚራ ቤታችን ቡና እየተፈላ እማዬን ጠየቅኳት። "አንቺን ያረገዝኩት ግንቦት ላይ ነው፤ ድሬ እሳት ሆና" አለችኝ። ወንድሜን ግን ሐረር ተከራይተው ሳሉ፣ በኅዳር ብርድ።

የጠየቅኳት በምክንያት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2025 ያወጡትን ጥናት አንብቤ ነበር። በቀዝቃዛ ወራት የተፀነሱ ሰዎች ቡናማ ስባቸው ይበልጥ ንቁ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ስብ ዋና ሥራ ኃይል ማጠራቀም አይደለም፤ ስኳርና ቅባት አቃጥሎ ሙቀት ያደርጋል። ልዩነቱ የመጣው ከተወለዱበት ሳይሆን ከተፀነሱበት ወቅት ነው። አይጦች ላይ ደግሞ አባትየው ቀድሞ ብርድ ላይ ከቆየ፣ የልጆቹ ቡናማ ስብ ይበረታል። አባትየው! እኛ የምንጠይቀው ሁልጊዜ እናትን ብቻ ነው።

ልቤን የነካው ግን የኔዘርላንድ ረሃብ ነው። በፈረንጆቹ 1944-45 በዚያ ረሃብ መሀል የተፀነሱ ሰዎች፣ ከ60 ዓመት በኋላ እንኳ አንድ የዕድገት ዘረመል ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት ከወንድምና እህቶቻቸው ይለይ ነበር።

የድሬ ሙቀት ስኳሬን አመጣው አልልም። እማዬም ስኳር አለባት፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምሠራው።

ታናሽ እህቴ ግን ዘንድሮ ልታገባ ነው። እሷንም እጮኛዋንም ቁጭ አድርጌ አወራኋቸው፦ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ስለሚወሰደው ቫይታሚን ስለ ፎሊክ አሲድ፣ ስለ ጫት፣ ስለ እንቅልፍ። እጮኛዋ "እኔንም ይመለከታል?" አለ።

አዎ፣ አልኩት። አንተንም።