ጥምቀት በአንድ ቀን የገፋበት ዓመት

በግል ባለቤትነት ለሚተዳደሩ ሆቴሎች የሚሠራ አነስተኛ የዲጂታል ማርኬቲንግ ድርጅት ሥራው ፎቶ ማንሣትና ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ውል ለመፈራረም ስንቀመጥ ከባለሆቴሎቹ መጀመሪያ የምንሰማው ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ላይክ ታመጡልናላችሁ?» የሚል ነው። ከሥራችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ማንም የማያየው የጓዳ ሥራ ነው፤ የሆቴሉ ስልክና አድራሻ በጉግል ካርታ ላይ በትክክል መቀመጡን መከታተል፣ በቡኪንግ ዶት ኮምና መሰል የመያዣ ድረ ገጾች ላይ የክፍሎችን ብዛትና ዋጋ በየቀኑ መክፈትና መዝጋት፣ ለእንግዳ ጥያቄ ሳይውል ሳያድር መልስ መስጠት። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ሆቴሎች ለዚህ ራሱን የቻለ ክፍልና ባለሙያ አላቸው። ጎንደር፣ ላሊበላ ወይም አክሱም ውስጥ አንድ ቤተሰብ በሚያስተዳድረው ሆቴል ግን ይህን የሚሠራው ወይ እንግዳ ተቀባዩ ነው፣ ወይ የባለቤቱ የእኅት ልጅ ነው፣ አለዚያም እንደ እኛ ያለ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክና በኢንተርኔት የሚሠራ ጥቂት ሰዎች ያሉት ድርጅት ነው።

የምጽፈው ገጠመኝ የ2008 ዓ.ም. ጥምቀት ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ጎንደር ውስጥ ሠላሳ ሁለት ክፍሎች ያሉትን አንድ ሆቴል ተረከብን። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ሆቴሉን በባንክ ብድር የሠሩ፣ ለእያንዳንዱ ብር የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው። ለመያዣው ድረ ገጽ ከእያንዳንዱ እንግዳ 15 በመቶ ኮሚሽን መክፈላቸው እንቅልፍ ይነሣቸው ስለነበር ከእኛ የፈለጉት በቀጥታ ደውሎ የሚመጣ እንግዳ እንድናበዛላቸው ነበር። ከእኛ በፊት የመያዣ ገጹን ይከታተል የነበረው አንድ ወጣት ሲሆን፣ ሥራውን ለቆ ዱባይ ከገባ ወራት አልፈውት ነበር።

ለጎንደር ሆቴል ጥምቀት ማለት የዓመቱ ትልቅ ገበያ ነው። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ በነጋታው ጥር 11 ማለዳ ውኃው ይባረክና ወጣቱ ወደ ገንዳው ይወረወራል፤ ጥር 12 ደግሞ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይመለሳል። እንግዳው ከሌላው ዓለም ድረስ የሚመጣው እነዚህን ቀናት አይቶ ለመሄድ ነው። ሆቴሉም በነዚህ ቀናት ዋጋውን ከአርባ አምስት ዶላር ወደ ዘጠና ዶላር ከፍ ያደርግ ነበር፤ ከሦስት ሌሊት ላነሰ ጊዜም ክፍል አይሰጥም ነበር። በገጹ ላይ ልዩ ዋጋው የተጫነው በጃንዋሪ 17፣ 18 እና 19 ሌሊቶች ላይ ሲሆን፣ እኛ ስንረከበው ሃያ ስድስት ክፍሎች ተይዘው አልቀዋል። ባለቤቱ በዚህ እጅግ ደስ ብሏቸው ነበር።

ነገሩን ያገኘችው በቢሯችን ከሁሉም በዕድሜ የምታንሰው ሠራተኛ ናት። ላሊበላ ላለ ሌላ ደንበኛችን የገና ማስታወቂያ እያዘጋጀች ሳለ እናቷ ደውለው ስለ በዓሉ ዝግጅት ሲያወሩ «ዘንድሮ ልደት ሃያ ስምንት ነው» አሏት። እሷ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ የጻፈችው ታኅሣሥ 29 ነበር። ቁጥሩን አርማ ማለፍ ትችል ነበር፤ ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ያን ብቻ ያደርግ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ ግን በዓሉ ለምን በአንድ ቀን እንደቀደመ መጠየቅ ጀመረች፣ ከዚያም የሁሉንም ደንበኞቻችንን የበዓል ቀናት አንድ በአንድ ከግድግዳ ካላንደር ጋር ማመሳከር ያዘች።

ምክንያቱ ለቤተ ክርስቲያን ሰው አዲስ አይደለም። 2007 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች፤ ስለዚህ የ2008 ዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው። ከዚያ በኋላ የእኛ ቀናት ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጥር ላይ በአንድ ቀን እየገፉ ይሄዳሉ። መስቀል ሴፕቴምበር 28፣ ኅዳር ጽዮን ዲሴምበር 1፣ ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ይህ ልዩነት የሚያበቃው ፈረንጆቹ በተራቸው ፌብሩዋሪን 29 ሲያደርጓት ነው። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለስድስት ወር ያህል ብቻ የሚታይ ነገር ስለሆነ በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ተሸሽጎ ለመቅረት እጅግ ይመቻል። ከሁሉም የባሰው አሳሳች ገና ነው። ልደት ከመጋቢት 29 ጽንሰት ጀምሮ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ተቆጥሮ ስለሚከበር፣ ጳጉሜን አንድ ቀን ስትጨምር በዓሉ ወደ ታኅሣሥ 28 ይመጣና በፈረንጆቹ ዘንድ ከጃንዋሪ 7 ሳይነቃነቅ ይቀራል። ስለዚህ ገና ጃንዋሪ 7 መሆኑን አይቶ «ቀኖቹ እንዳምናው ናቸው» ብሎ የሚደመድም ሰው ጥምቀት ላይ ይወድቃል። ዱባይ የገባው ወጣትም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የ2007ቱን ዝርዝር ገልብጦ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይሮታል።

ውጤቱን በወረቀት ላይ ስናስቀምጠው ደስ የሚል አልነበረም። ሃያ ስድስቱ ክፍሎች የተያዙት ጃንዋሪ 20 ጧት ሻንጣቸውን ይዘው ለመውጣት ባሰቡ ሰዎች ነው፤ ያ ጧት ደግሞ ራሱ ጥምቀት ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት፣ ማለትም የጥር 9 ዋዜማን፣ ምንም በማይታይበት ቀን በእጥፍ ዋጋ ሊከፍሉ ነው። በአንጻሩ የጃንዋሪ 20 ሌሊት በተራው ዋጋ ክፍት ሆኖ ስለነበር አሥራ ሰባት ክፍሎች ተሸጠዋል፤ አብዛኞቹን የያዘው ወደ ስሜን ተራሮች የሚያልፍ የእግር ተጓዦች ቡድን ነው። እንግዶቹ ቀናቸውን በአንድ ቀን ለመግፋት ቢፈልጉ እንኳን ለሁሉም የሚበቃ ክፍል የለም ማለት ነው።

ለባለቤቱ ደውዬ ሁሉንም በዝርዝር ነገርኳቸው። ጥምቀት መቼ እንደሚውል እንደማያውቁ እንዳይመስለኝ ጥቂት ተቆጡ፤ እርግጥ ነው ያውቁ ነበር፣ የማያውቁት በገጹ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ቁጥር የትኛው ቀን እንደሆነ ነው። ከዚያ ያቀረቡት መፍትሔ በዚህ ሙያ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

«በርካሹ የያዙትን ሰርዛቸው። ቧንቧ ፈነዳ በላቸው።»

«ጋሼ፣ ማረጋገጫ በእጃቸው አለ። ከሰረዝን ገጹ ሌላ ክፍል ፈልጋችሁ ልዩነቱን ክፈሉ ይለናል፤ በጥምቀት ጎንደር ላይ ክፍል ከየት ይገኛል?»

«ልጄ፣ አንተ የምትሸጠው ፎቶ ነው። እኔ ግን የባንክ ዕዳ አለብኝ።»

ይህ ንግግር ቢያስከፋኝም ሐሰት ነው ለማለት አልችልም ነበር። የእኛ ክፍያ በየወሩ የተቆረጠ ነው፤ የባዶ ክፍል ኪሳራ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። ስለዚህ የክርክሩን መሠረት ከጨዋነት ወደ ሒሳብ ለወጥኩት። ሃያ ስድስቱ እንግዶች ገና አንድ ብር አልከፈሉም፤ ሆቴሉ ካርድ በሩቅ የሚያስከፍልበት መሣሪያ ስለሌለው ክፍያው የሚፈጸመው እንግዳው ሲደርስ ነው። ትክክለኛውን ቀን ከሌላ ቦታ ያወቀ እንግዳ ዝም ብሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ሌሊት ልዩነት ሳይሆን የሦስቱ ሌሊቶች ሙሉ ዋጋ ነው። ሳያውቅ የመጣው ደግሞ እንግዳ መቀበያው ፊት ቆሞ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው አስተያየት ለዓመታት ከሆቴሉ ስም ሥር ይቀመጣል። በመጨረሻ «እንግዲያው ለምኗቸው፤ እኔ ግን የሚጎድለውን አልሸፍንም» ብለው ስልኩን ዘጉት። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ገጹን ለማስተካከልም በመጀመሪያ መግባት ነበረብን፤ የማረጋገጫው ቁጥር አሁንም የሚላከው ወደ ቀድሞው ሠራተኛ ስልክ ነበር። ዱባይ ያለውን ወጣት በቫይበር አፈላልገን አገኘነውና፣ ከሥራ ሲወጣ በእኩለ ሌሊት ቁጥሩን እያነበበ አስገባን። ለጥፋቱም ይቅርታ ጠይቋል፤ በአንድ ደመወዝ እንግዳ ተቀባይም፣ ሒሳብ ያዥም፣ የኢንተርኔት ባለሙያም ሆኖ ይሠራ ከነበረ ሰው በላይ ተጠያቂ የሚሆን አካል እንዳለ ግን ልብ ብያለሁ።

ለእያንዳንዱ እንግዳ የላክነው ደብዳቤ አጭር ነበር። ከተራ ማክሰኞ ጃንዋሪ 19 ከሰዓት በኋላ፣ ጥምቀት ረቡዕ ጃንዋሪ 20 ማለዳ፣ የሚካኤል መመለስ ሐሙስ ጃንዋሪ 21 መሆኑን ዘረዘርን፤ ቀኑን በአንድ ቀን ለሚያሸጋግር ሰው ምንም ተጨማሪ ክፍያ እንደሌለ፣ ለማይመቸው ደግሞ የመጀመሪያው ሌሊት በተራው ዋጋ እንደሚታሰብለት ገለጽን። ሰዓቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጻፋችንን ሁለት ጊዜ አረጋገጥን፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲባል ጧት 10 ሰዓት ላይ ተዘጋጅቶ የሚወርድ እንግዳ ከዚህ በፊት አይተናልና። ብዙዎቹ አመስግነው መለሱ። አንድ የቤልጂግ ሰው ግን ጥምቀት ጃንዋሪ 19 እንደሆነ የሚናገር የበዓላት ዝርዝር ከኢንተርኔት አውጥቶ በመላክ ተሳስታችኋል ብሎ ተከራከረን። ስለ ዘመነ ሉቃስ የጻፍንለት ረጅም ማብራሪያ አላሳመነውም። ያሳመነው የእንግዳ መቀበያው የግድግዳ ካላንደር ፎቶ ነው፤ ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የታተሙበት፣ ጥር 11 በቀይ የተጻፈበት ካላንደር።

የቀረው የክፍሉ ጉዳይ ነው። የእግር ተጓዦቹን ቡድን ያመጣው አስጎብኚ ድርጅት ዘንድ ራሴ ሄጄ ሁኔታውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቡድኑ በዓሉን ለማየት የመጣ ስላልነበረ፣ የሚበዛው ያን ሌሊት ደባርቅ ቢያድር ግድ እንደሌለው ታወቀ፤ በምላሹ ለሚቀጥለው ዓመት ቡድኖቻቸው ዋጋ እንዳይጨመርባቸው በጽሑፍ ቃል ገባንላቸው። በዚህ መንገድ ስምንት ክፍሎች ተለቀቁ። ከሃያ ስድስቱ ክፍሎች አሥራ ዘጠኙ ቀናቸውን አሸጋገሩ፤ ሰባቱ የአውሮፕላን ቲኬታቸው ስላልተመቻቸ በያዙት ቀን ጸኑ። ቧንቧ ፈነዳ ብለን ብንሰርዝ ኖሮ ያ አስጎብኚ ድርጅት ዳግመኛ ወደዚያ ሆቴል ቡድን አያመጣም ነበር፤ ሳንዋሽ በመጠየቃችን ግን ከቀጣዩ መስከረም በፊት ራሱ ደወለልን።

ባለቤቱ በዚህ ሁሉ አልረኩም። የጃንዋሪ 17 ሌሊት ክፍሎቹ በብዛት ባዶ አደሩ፣ ያችንም ሌሊት በእኔ ላይ ቆጥረዋታል፤ ከዚያ ወዲህ በክፍያ ላይ በተነጋገርን ቁጥር ትነሣለች። የጥር ወር ክፍያችንን በግማሽ ቀንሰው ሲልኩም አልተከራከርኩም፤ ዕዳ ስለነበረብኝ አልነበረም፣ የሆቴሉ ባለቤት ከኪሳራው ጋር ብቻቸውን እንዳይቀሩ ስለፈለግሁ ነው። ባልደረቦቼ በዚህ ውሳኔ አልተስማሙም፣ አንደኛው እስከ አሁን ድረስ አይስማማም።

በአሠራራችን የተለወጠው ነገር ቀላል ነው። የማንኛውም ሆቴል የዋጋ ዝርዝር በመጀመሪያ የሚጻፈው በኢትዮጵያ ቀን ነው፤ የፈረንጁ ቀን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሰላል እንጂ ካለፈው ዓመት አይገለበጥም። ገናና ፋሲካ ለብቻቸው ይታያሉ። ዝርዝሩን የሆቴሉ ባለቤት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አንብቦ ይፈርምበታል፤ የመያዣ ገጹ መለያና የማረጋገጫ ስልክም በሆቴሉ ስም እንጂ በሠራተኛ ስም እንዳይመዘገብ በውላችን ላይ ተጽፏል። በ2012 ዓ.ም. ዝርዝሩ ያለ እንከን ሠርቷል። በ2016 ደግሞ ቀኑ ትክክል ነበር፤ በክልሉ ግጭት ምክንያት ግን የሚሸጥለት እንግዳ አልነበረም። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ሲሆን ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይውላል፤ ዋጋው በዝርዝሩ ላይ ተጽፏል፣ የባለቤቱ ፊርማ ገና ነው።