ዲሲ ስሟን ያገኘችበት መንደር

የምኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። ሐበሻ «ዋሽንግተን» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው እሷኑ ነው፤ ዩ ስትሪትን፣ ሲልቨር ስፕሪንግን፣ ክትፎ ቤቶቹን። እንግሊዝ አገር ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ካርታ ሳገላብጥ ግን ሰሜኑ ላይ ሌላ ዋሽንግተን አየሁ። የከተማችን ስም መነሻዋ እሷ ናት። ሳላያት ብመለስ ይቆጨኝ ነበር።

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ እስከ ኒውካስል በባቡር ሦስት ሰዓት ግድም ነው። ዋሽንግተን የመንገደኛ ባቡር የላትም፤ ከኒውካስል አውቶቡስ መያዝ ነው። ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት ነበር። አሁን አዳዲስ ሰፈሮች፣ መዓት አደባባዮች፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ግዙፍ የኒሳን መኪና ፋብሪካ አለ። ታምራለች ብል ዋሸሁ። አሮጌው መንደር ጋ ስደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ሣር ሜዳ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገቡም የድንጋይ ቤት። ዋሽንግተን ኦልድ ሆል ይሉታል።

የስሙ ነገር እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ዊልያም የሚባል ባላባት ነበር። መሬቱ ሄርትበርን ስለሆነ «ዊልያም ዴ ሄርትበርን» ይባላል፤ የሄርትበርኑ ዊልያም እንደማለት። ይህን መሬት ለደርሃም ጳጳስ መልሶ በምትኩ ዌሲንግተንን (ያኔ ዋሽንግተን የምትጠራው እንዲህ ነበር) ወሰደ። በኛ አነጋገር ጉልት ለወጠ። ልውውጡ ጳጳሱ በ1183 ባስጻፉት የግብር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መሬቱ ሲለወጥ ስሙም አብሮ ተለወጠ፤ ዊልያም ዴ ዌሲንግተን ሆነ። የኛ ባለጉልት መሬት ቢቀያይር ያባቱን ስም አይነካም። እነሱ ጋ ግን ሰው በመሬቱ ይጠራ ነበር፤ ልጆቹ መሬቱን ለቀው ሲሄዱም ስሙን ይዘውት ሄዱ። ብዙ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ቤቱ አሁን ባለበት መልክ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከድሮው ቤት የተረፈው ጥቂት ነው። ቤተሰቡ በ1613 ሸጦታል። ዲሲ በስሙ የተሰየመችለት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ደጃፉን እንኳ አልረገጠም። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤቱ ተከፋፍሎ ለድሆች ተከራየ። እስከ ዘጠኝ ቤተሰብ ተጨናንቆ ይኖርበት ነበር። በ1930ዎቹ «ለሰው መኖሪያ አይሆንም» ተባለና ሊፈርስ ሲል ፍሬድ ሂል የሚባል የአካባቢው መምህር ሰው አስተባብሮ አዳነው። ፎቅ ላይ የተከራዮቹን ኑሮ የሚያሳይ ክፍል አለ። ከታች ካለው ትልቅ አዳራሽ ይልቅ እዚያ ብዙ ቆየሁ።

የቤተሰቡን አርማ ሳይ ደግሞ ሳቄ መጣ። ነጭ መደብ፣ ሁለት ቀይ አግዳሚ መስመር፣ ከላይ ሦስት ቀይ ኮከብ። የዲሲ ባንዲራ ማለት ነው! ከተማዋ በ1938 እንዳለ ወስዳዋለች። ዲሲ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ የዚህን ባላባት ቤት ምልክት ታርጋው ላይ ለጥፎ ሲዞር ኖሯል።

አንዱ የቤተሰቡ ቅርንጫፍ ወደ ደቡብ ወርዶ በሱፍ ንግድ ከበረ። ከዚያው ዘር የተወለደ ሎሬንስ የሚባል ቄስ በ1643፣ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት መሀል፣ ጠጪ ነው ተብሎ ከደብሩ ተባረረ። ልጁ ጆን በ1650ዎቹ ባሕር ተሻግሮ ቨርጂኒያ ገባ። የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት እሱ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ልጅ አልወለደም። በ2000 የአሜሪካ ቆጠራ ግን የቤተሰብ ስማቸው ዋሽንግተን የሆነ ከ163 ሺህ በላይ ሰዎች ተገኙ፤ 90 በመቶ ያህሉ ጥቁር ናቸው። ባርነት ሲቀር ብዙዎች ስሙን ራሳቸው መርጠው ወሰዱት። በባርነት ተወልዶ ኋላ ታዋቂ የጥቁሮች መምህርና መሪ የሆነው ቡከር ዋሽንግተን ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ሲገባ የነበረው ስም አንድ ብቻ፣ ቡከር፣ ነበር። መምህሩ ሙሉ ስሙን ሲጠይቀው እዚያው «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። እኔም ፎርም ላይ የቤተሰብ ስም ሲሉኝ አያቴን የሞላሁ ሰው ነኝና ነገሩ በደንብ ገባኝ። አብሮኝ የሚሠራም አንድ ዋሽንግተን አለ፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ቀልደኛ።

በመጨረሻ ደርሃም ካቴድራል ገባሁ። ከዚሁ ቤተሰብ የወጣ ጆን የሚባል መነኩሴ ከ1416 እስከ 1446 የገዳሙ አለቃ ነበር። መታሰቢያው ላይ ቤተሰቡ እሱ በማያውቃቸው አገሮች ዘላለማዊ ስም እንዳተረፈ ተጽፏል። ያጻፉት ሰዎች ያሰቡት ፕሬዚዳንቱን መሆኑ አያጠራጥርም። እኔ ግን ፎቶ አንስቼ ለባልደረባዬ ላክሁለት።

«ታዲያ ከርስቱ የኔ ድርሻ የታለ?» ብሎ መለሰልኝ።