ያልተፈታው ክር
ዛሬ ማታ ማቀዝቀዣውን ሳጸዳ ከታችኛው መሳቢያ ጥግ አንድ እስር ሰላጣ አገኘሁ። ቅጠሉ ጠቁሮ ውሃ አቅርሯል፤ የታሰረበት ክር ግን ገና አልተፈታም። ልጥለው ስል ልጄ እጄን ያዘችና «እማዬ፣ ይህ የማን ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ክሩን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያንን ቋጠሮ ያጠበቀው ሰው ዘርቷል፣ አጠጥቷል፣ ኮትኩቷል። እኔ ደግሞ በቅርብ የበቀለ ስለገዛሁ ብቻ ለአካባቢ ጥበቃ ድርሻዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር! ለብዙው ምግብ ግን ከጉዞው ይልቅ የማምረቱ ሸክም ይበልጣል፤ ሳይበላ ሲቀር ያ ሁሉ መሬትና ውሃ አብሮ ይባክናል። ቆሻሻ ክምር ሥር ተቀብሮ ያለ አየር ሲበሰብስ ደግሞ ሜቴን የተባለ፣ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ይለቅቃል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳሰላው፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ 60 በመቶው ከየቤታችን ነው። ከፋብሪካ ወይም ከሆቴል ሳይሆን እንዲህ ካለ መሳቢያ።

ሰላጣውን ማዳበሪያ እንዲሆን ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር ሥሩ በተበሳ ባልዲ ውስጥ ቀላቀልነው። ክሩን ልጄ ማቀዝቀዣው እጀታ ላይ አሰረችው።