ውሃ ሲመጣ የሚረጥብ ግድግዳ

አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳ ረጠበ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ቀቢው ይፍቃል፣ ስቱኮ ይለጥፋል፣ ውሃ አያሳልፍም የተባለ ዘይት ቀለም ይደርብበታል፤ ለጥቂት ወራት ያምራል። ከዚያ ቀለሙ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት መርገፍ ይጀምራል፣ ቀቢውም ስልክ አያነሳም። እኛ ሳኒተሪዎች የምንጠራው ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ ነው።

ይህኛው ቤት ጂ ፕላስ ዋን ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሰፈሩ እስካሁን "ቲቸር" ነው የሚላቸው። ከጓሮ ባሉት ሰርቪስ ቤቶች ተከራዮች አሉ። የረጠበው የሳሎኑ ግድግዳ ነው፤ ከሶፋው ጀርባ ከዞኮሎው፣ ማለትም ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ፣ ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ። ወሩ ጥር ነበር። ግቢው አቧራ ነው፣ ዝናብ ከተረሳ ቆይቷል፤ ግድግዳው ግን ሲነኩት ይቀዘቅዛል።

"ልጄ፣ ሦስቴ አስቀብቼዋለሁ። አንዱ ቀለሙ ነው አለኝ፣ አንዱ ብሎኬቱ ነው አለኝ፣ የመጨረሻው ደግሞ መሬቱ ውሃ ያዘለ ነው፣ ምንም አይደረግለትም ብሎኝ ሄደ።"

የመጨረሻው ሰው የተናገረው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት ይስባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ውሃው ጨው አሟሙቶ ይዞ ይወጣና ራሱ ሲተን ጨው ነጭ ሆኖ ልስኑ ላይ ይቀራል። ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከቤታቸው ወለል በላይ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ግን እንዲህ ያለው እርጥበት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይብሳል፤ የግድግዳውንም ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛል። የቲቸር ግድግዳ የረጠበው በርዝመቱ መሐል ላይ ብቻ ነው፤ ያውም በበጋ።

ከሳሎኑ በላይ ባኞ ቤት አለ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከላይ የገባ ውሃ በቀዳዳው ወርዶ ታች ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የእርጥበቱ ቦታ ብቻውን ባኞ ቤቱን ነጻ አያወጣውም። የሻወሩን መውረጃ በጨርቅና በላስቲክ ደፍነን ወለሉን ውሃ ሞላነው፤ ከፍታውን በእርሳስ ምልክት አድርገን አሳደርነው። ጠዋት ውሃው ምልክቱ ላይ ነበር። ከጣሪያው ሮቶ ወደ ቤት የሚወርደውንም መስመር ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተን አሳድረን አየነው፤ የሮቶው ውሃ አልጎደለም።

ረዳቴ ቆጣሪውን ከፍቶ አየ። ውሃ ሲያልፍ የምትዞረው ትንሿ ቀይ ጥርስ አትንቀሳቀስም። "ቧንቧ አይደለም" አለና መሮውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ዲሲ ያለው ልጃቸው ደግሞ በስልክ "ሴራሚኩን ሁሉ አፍርሱትና ይታይ" ይላል፤ ብሩን የሚልከው እሱ ነው፣ አቧራውን ግን የሚውጡት እናቱ ናቸው።

ቆጣሪው የታየው ውሃ ባልመጣበት ቀን ነው። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ በሌላው ቀን ከቆጣሪው እስከ ታች ታንከሩ ያለው መስመር ባዶ ነው። ባዶ መስመር አያፈስም፣ ቆጣሪም አያዞርም። በየዕለቱ ሃያ አራት ሰዓት ውሃ ላለው ከተማ የተጻፈ የፍተሻ መመሪያ ይህን ነገር አያነሳውም።

"ቲቸር፣ መቼ መቼ ነው የሚብሰው?" ስላቸው "ሁልጊዜ ነው" አሉ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፤ የረጠበ ግድግዳ ባዩት ቁጥር የረጠበ ነው። ወጥ ቤት ግን የግድግዳ ካላንደር አላቸው፤ ውሃ የመጣበትን ቀን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ያከብቡበታል፣ በርሜል የሚሞላው ያኔ ስለሆነ። የመምህር ነገር። እኔም የእርጥበቱን ጠርዝ በእርሳስ አሰመርኩና ጠርዙ ከመስመሩ ባለፈ ቁጥር አዲስ መስመር ከነቀኑ እንዲያሰምሩ ለመንኳቸው። መስመሮቹን ከካላንደሩ ጋር ስናስተያይ ጠርዙ የሚገፋው ቀይ ክብ ባለበት ማግስት ነው። በመሐሉ ይቆማል፣ እንዲያውም ትንሽ ይሸሻል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሌሊት ሆነ፤ ውሃው የሚመጣው ሌሊት ነዋ። ወደ ታንከሩ የሚገባውን ጌት ቫልቭ ዘጋን፣ የግቢውንም ቧንቧ ዘጋን። ቀይዋ ጥርስ ግን ቀስ እያለች ትዞራለች። የፌሮ ቁራጭ አንዱን ጫፍ ወለሉ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳሎኑን በየሴራሚኩ አዳመጥኩት። ሌሊት መኪና ስለማያልፍ ይሰማል፤ ከሶፋው ፊት ለፊት ቀጭን ሹክሹክታ ነበር።

ቧንቧ ከሳሎን ሥር ምን ይሠራል? ቲቸር ሲያስቡት ቆዩና "ሳሎኑ እኮ በኋላ የተጨመረ ነው፣ ድሮ ግቢ ነበር" አሉ። ግቢ በነበረ ጊዜ የተቀበረው የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ሳይነሳ በላዩ ወለል ተሞልቶበታል። ብረቱ በአፈሩ እርጥበት ዝጎ ተበስቷል፤ የሚያፈሰው ውሃ በወለሉ ሥር ሄዶ ግድግዳው እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ብሎኬቱም ይስበዋል።

ሴራሚኩን አላፈረስንም። የበሰበሰ ቧንቧ አንድ ቦታ ቢለጠፍ ከርሞ ሌላ ቦታ ይቀደዳል። አሮጌውን መስመር ከቆጣሪው በኋላ ቆርጠን ደፈንነውና አዲስ ፒፒአር የተባለ የፕላስቲክ ቧንቧ በውጭ በኩል፣ በአጥሩ ሥር አዙረን ቀበርነው፤ አፈር ከመመለሱ በፊት በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥተን የግፊት መለኪያው መርፌ እንደማይወርድ አየን። የዲሲው ልጅ ቪዲዮ ተልኮለት "ይኸው ብቻ ነው?" አለ።

ከግድግዳው የከፋው የቢሉ ነገር ነበር። ውሃው ያመልጥ የነበረው ከቆጣሪው በኋላ ስለሆነ ይቆጥር ነበር፤ ቲቸር ደግሞ የጨመረውን ሁሉ ልብስ ታበዛለች ብለው አንዷን ተከራይ ሲያስከፍሏት ከርመዋል። ልጅቷ ልብስ የምታጥበው እህቷ ቤት ወስዳ እንደሆነ ያወቁት ያን ሰሞን ነው። የሚቀጥለው ቢል ሲመጣ ጠርተው ከወር ኪራዩ ቀነሱላት። ይቅርታውን እንዴት እንዳሉት አልሰማሁም፤ ሻይ ግን አብረው ሲጠጡ አይቻለሁ።

ለፋሲካ ቀለም ይቀባልኝ ሲሉ ተከራከርን። የራሰ ግንብ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የአንድ ወር መድረቂያ ይታሰብለታል፤ ግምት ነው፣ ግን ከቸኮለ ቀቢ ይሻላል። የተላጠውን ልስን እስከ ብሎኬቱ አንስተን ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጠረግነው። በውሃ ቢታጠብ ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ሶፋው መሐል ሳሎን እንደቆመ ፋሲካ አለፈ፤ የተቀባው ግንቦት ላይ ነው፣ በተራ የውሃ ቀለም። ዘይት ቀለም የውስጡን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ እምቢ አልኩ።

ቀቢው ሥራውን ካየ በኋላ ሌላ ደንበኛው ዘንድ ወሰደኝ፤ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የመኝታ ቤቱ ማዕዘን ሻግቷል። "ይሄም ቧንቧ ነው" አለኝ በመተማመን። ከግድግዳው ላይ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈን አሳደርን። ላቡ የወጣው በክፍሉ በኩል ባለው የላስቲኩ ገጽ ላይ ነው፤ ከግድግዳው በኩል ደረቅ ነበር። መስኮት ሳይከፈት ልብስ የሚሰጣበት ክፍል ነው፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው የኮንክሪት ኮለን ላይ ውሃ ይሆናል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅነው፣ የልብሱን ገመድ ወደ በረንዳ አወጣነው። ለቧንቧ ሥራ የሚከፈል አልነበረም፤ ምሳ ጋበዙን።