ሁለት ጊዜ የተከፈለባት ትምህርት ቤት

ወደ ኖርዝ ካሮላይና የመጣነው በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ስንነሳ ስንቱ ሰው "እዛ ገጠር ገብታችሁ ምን ልትሆኑ?" ብሎናል። ከተማዋ እውነትም ትንሽ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ ጥቂት ቤተ ክርስቲያኖች፣ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። አበሻ ብትሉ እኛ ብቻ ነን።

ልጄን ላስመዘግብ የሄድኩ ቀን ቤት ያለውን ወረቀት ሁሉ ተሸክሜ ነበር። የልደት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ሳይቀር። የተቀበለችኝ ሴትዮ የመኖሪያ ፈቃዱን ሳታገላብጠው መለሰችልኝ። "ይሄ አያስፈልገንም" አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከቴክሳስ በመጣ ክስ፣ ወረቀት የሌለውን ልጅም ቢሆን ከመንግሥት ትምህርት ቤት መከልከል አይቻልም ብሎ ወስኖ ኖሯል። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን "ትምህርት እንዲህ በነፃ የሚሰጥበት አገር!" እያልኩ ነው ወደ መኪናዬ የተመለስኩት።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ከምረዳቸው ሰዎች አንዷ ከሰማንያ ዓመት ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እዚህ ደቡብ ትልቅ ሴት ሲጠራ "ሚስ" ተብሎ ስም ይከተላል። እኔም በአፌ እንደዚያው እላለሁ። በልቤ ግን እማማ ናቸው። አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ስለ ልጄ ትምህርት ቤት ደስ ብሎኝ አወራኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ "እኛን እዚያ አያስገቡንም ነበር" አሉኝ። "የኛን ትምህርት ቤት ወላጆቻችን ናቸው ያቆሙት። ሮዘንዋልድ ስኩል ነው።"

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ማታ ልጄ ስትተኛ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሳላስበው ነጋ።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነው። አንዱ ቡከር ቲ ዋሽንግተን ነው። በባርነት ተወልዶ፣ ኋላ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ የተባለውን የጥቁሮች ትምህርት ተቋም የመራ ሰው። ሌላው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ፣ ሲርስ የተባለው ትልቅ የችርቻሮ ንግድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረ ባለሀብት። ወላጆቹ ከጀርመን የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። የስደተኛ ልጅ መሆኑን ሳነብ ቀና ብዬ ልጄ ወደተኛችበት አየሁ። ሮዘንዋልድ በ1912 ለተስኪጊ ከሰጠው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ በአካባቢው ለጥቁር ልጆች ስድስት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ዋሽንግተን በ1915 ቢሞትም ሥራው አልቆመም። እስከ 1932 ድረስ በ15 ግዛቶች ከ5,300 በላይ ሕንፃዎች ቆሙ። ከሁሉም ግዛት ብዙ የተሠራው እዚሁ ኖርዝ ካሮላይና ነው፤ ከ800 በላይ።

ግን ሰውየው ሙሉውን አልከፈለም። ውሉ እንዲህ ነበር፦ የአካባቢው ጥቁር ሕዝብ ያዋጣል፣ የአካባቢው መንግሥት ይጨምራል፣ ከዚያ የሮዘንዋልድ ድርሻ ይመጣል። ስታልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ትሆናለች። ትልቁ ወጪ ከግብር የተሸፈነ ነው። ከዚያ ውጪ ግን ጥቁሮቹ ያዋጡት 4.7 ሚሊዮን ዶላር፣ ሮዘንዋልድ ከሰጠው 4.3 ሚሊዮን ይበልጣል። ብዙዎቹ የሰው መሬት እያረሱ በሚኖሩ ሰዎች እጅ! መሬት የሰጠ አለ፣ እንጨት ያመጣ አለ፣ ጉልበቱን የሰጠ አለ። አንዳንድ ቦታ ከማሳቸው ጥግ ቆርሰው ለትምህርት ቤቱ ብቻ ጥጥ ይዘሩ ነበር።

ደሜን ያፈላው ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች ግብር ይከፍላሉ። ግብሩ በብዛት የሚሄደው ለነጮቹ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። የራሳቸውን ልጆች ለማስተማር እንደገና ከኪሳቸው ያዋጣሉ።

በማግስቱ ያነበብኩትን ለእማማ ነገርኳቸው። ቁጥሩ ብዙም አልደነቃቸውም። እሳቸው የሚያወሩት ስለ መስኮቶቹ ነው። ትልልቅ፣ ተደርድረው የተገጠሙ መስኮቶች። መብራት ስላልነበረ ፕላኑ የተነደፈው የፀሐይ ብርሃን ለመያዝ ነው። የልጆቹ መቀመጫ እንኳ ብርሃን ከግራ እንዲመጣ ተደርጎ ነው የሚደረደረው፤ የሚጽፈው እጅ ጥላ እንዳይጥል። መጻሕፍቱ ግን ከነጮቹ ትምህርት ቤት የተጣሉ ነበሩ። "ሽፋኑን ስትገልጪ የሌላ ልጅ ስም ታገኛለሽ" አሉኝ። "እኔም ከሥሩ ስሜን እጽፍ ነበር።"

በዘር ለያይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው የተባለው በ1954 ነው። በደቡብ ብዙ ቦታ ተግባራዊ የሆነው ግን ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሲቀላቀሉም የሚዘጋው የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር አስተማሪዎች ሥራ አጡ። ዛሬ ከነዚያ ሕንፃዎች የቀሩት 500 አካባቢ ቢሆኑ ነው።

የእማማ ትምህርት ቤት ከቀሩት አንዷ ናት። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ክፍል ናት። በሩ ተቆልፏል፣ ቀለሙ ተልጧል። ልጄ በእግሯ ጣት ቆማ በመስኮቱ አየችና "ውስጡ ብርሃን ነው እኮ" አለችኝ።

ማታ አገር ቤት ደወልኩ። አባቴ እኔ የተማርኩባትን ትምህርት ቤት ከሠሩት ገበሬዎች አንዱ ናቸው። ድንጋይ በትከሻቸው ከወንዝ እንዳወጡ ልጅ እያለሁ ሲያወሩ ሰምቼ፣ ወሬውን ለምጄው ነበር። አሁን ግን ከመጀመሪያው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ በሬውን የሸጠው ማን እንደሆነ፣ ቆርቆሮው እንዴት እንደመጣ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከዚያ ስለ እማማ ትምህርት ቤት ነገርኳቸው። ፀጥ አሉ፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባዬ?" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "ስንት ክፍል ነበረች አልሽኝ?"

"ሁለት።"

"የኛም በሁለት ነው የጀመረችው" አሉ። "እስቲ ሴትዮዋን ጠይቂልኝ፣ ጣሪያውን ያለበሱት በምን ነው?"