የራዚያን ንግሥና በእኛ አቆጣጠር ለማስላት የሄድኩበት መንገድ

በሕንድ የዴልሂው የዙፋን ሽኩቻ ታሪኩ አያስቸግርም። ሱልጣን ኢልቱትሚሽ የበኩር ልጁ ሲሞትበት ሌሎቹን ወንዶች ትቶ ሴት ልጁን ራዚያን ወራሽ አደረገ። እሱ ሲሞት መኳንንቱ ወንድ ልጁን ሩክኑዲን ፊሩዝን አነገሡ፤ ሥልጣኑን የያዘችው ግን እናቱ ሻህ ተርካን ነበረች። ሰባት ወር ሳይሞላ ፊሩዝ ተይዞ ታሰረ፤ ራዚያ ነገሠች። ይህን ከዜና መዋዕል ጸሐፊው ከሚንሃጅ ወሰድኩ።

ያበሸቀኝ ቀኑ ነው። ሚንሃጅ ኢልቱትሚሽ ሻዕባን 20 ቀን 633 ሂጅራ ሞተ ይላል፤ የታሪክ መጻሕፍት ኤፕሪል 30 ቀን 1236 ያደርጉታል። ይህን ለስልክ ቀን መለወጫ ብትሰጡት እንደ ግሪጎርዮስ ቀን ቆጥሮ ሚያዝያ 28 ይላችኋል፤ አትቀበሉት። ያ ኤፕሪል የጥንቱ የፈረንጅ አቆጣጠር፣ የዩልዮስ ነው፤ የዛሬው የግሪጎርዮስ አቆጣጠር የመጣው በ1582 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛና የዩልዮስ ዘመን ሁለቱም በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨምሩ ርቀታቸው አይለወጥም፦ መስከረም 1 ኦገስት 29 ላይ ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ 30 ይሆንና ፌብሩወሪ 29 ሲያልፍ ይስተካከላል። ስለዚህ ግንቦት 1 ኤፕሪል 26 ነው፤ ሱልጣኑም የሞተው ግንቦት 5 ቀን 1228 ዓ.ም.። መለወጫው 7 ቀን ሳተ ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያ እንኳ አይጽፍም!

ፊሩዝ የተያዘው ረቢዑል አወል 18 ቀን 634፣ ማለትም ኖቬምበር 19፣ በእኛ ኅዳር 23 ቀን 1229። ለፈረንጅ ሁሉም 1236 ነው፤ ለእኛ መሐል ላይ እንቁጣጣሽ አለ። «8 ቀንስ» የሚለውን ምክር በጅምላ የተከተለ ራዚያን ዓመት አስቀድሞ ያነግሣታል። የሂጅራ ሠንጠረዥ ለኢልቱትሚሽ ሞት ኤፕሪል 29 ቢላችሁ ግን አትጨነቁ፤ የሂጅራ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚገባና ወሩ ጨረቃ በማየት ስለሚጀምር የአንድ ቀን ፈቀቅታ ያለ ነው።

ሂጅራውን ከጎኑ ጻፉ። አርታኢዎች «አንባቢ ያደናግራል» እያሉ ይሰርዙታል፤ ከተሰረዘ በኋላ ስሌቱን ማን ይፈትሸዋል?

የእኛን አንባቢ የሚስበው ሐበሻው የራዚያ የፈረስ ቤት ሹም ጀማሉዲን ያቁት ነው፤ በ1232 ዓ.ም. አመፀኞች ገደሉት። ሚንሃጅ ባለሟልነቱን ይናገራል እንጂ ፍቅር አይልም። የፍቅሩ ወሬ የኋላ ሰዎች ነው፤ ካስገባችሁትም ወሬ መሆኑን ጻፉ።